አዴ ሩቂያ እጇን ሲያማት

አዴ ሩቂያ የሞተችው እኔ ቤት ነው። ሴቶቹ ገላዋን አጥበው ሳይጨርሱ የቀበሌው ላንድሮቨር መንገዱ አፍ ላይ ቆመችና በድምፅ ማጉያዋ ትጮህ ጀመር። «የቀበሌያችን ነዋሪ የነበሩት እናታችን ወይዘሮ ሩቂያ በሞት ስለተለዩን፣ ነዋሪዎች በቀብሩ ላይ እንድትገኙ ቀበሌው በጥብቅ ያሳስባል!»

ማልቀስ ነበረብኝ፤ የመጣብኝ ግን መጸየፍ ነው። እናታችን! ሁለት ጊዜ ያሰሯት፣ ቤቷን የወሰዱባት፣ እግሯን ገርፈው ያሳበጡባት ሴትዮ ዛሬ እናታቸው ሆነች። «በጥብቅ ያሳስባል» ማለታቸውስ! በሰፈራችን በመጋላ አዴ ሩቂያን ለመቅበር ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ያለ ይመስል። ከአጣቢዎቹ አንዷ እጇ እንደረጠበ ከመጋረጃው ብቅ ብላ፣ «አቦ አንድ ሰው ሄዶ ዝም ያሰኝልን! ሬሳዋን እንኳ አይተውልንም?» አለች። ማንም አልተነሳም። በዚያ ዘመን ያንን ነገር ዝም የሚያሰኝ ሰው አልነበረም።

ድሬዳዋ የመጣሁት ከአሰበ ተፈሪ ነው፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ። ባለቤቴ ተስፋዬ የባቡር መካኒክ ነበር። ከዚራ ሰፈር ኪራይ ስለተወደደብን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ገባን፤ አዴ ሩቂያ ግቢ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ ሽቲ ቀሚሷ ከኋላዋ እንደ ሸራ የሚነፋ ሴት ነበረች። እኔ እንዳስተማሩኝ ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን ዋሉ? እርስዎ ነዎት የግቢው ባለቤት?» አልኳት። ግራና ቀኟን ዞር ዞር ብላ አየችና ተስፋዬን፣ «አንተ ወሪያ፣ ይቺ ልጅ ስንት ሰው ነው የምታናግረው?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እዚህ አገር ሁሉም አንተ፣ ሁሉም አንቺ ነው። ንጉሡም ቢመጣ አንተ ነው የምለው። አንቱ እያልሽ አሮጊት እንዳታደርጊኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሰፈሩ ሰው በአክብሮት አዴ አልኳት፣ አንቺ አልኳት።

ፈጣሪ ልጅ አልሰጣትም። ባሏ ከሞተ በኋላ ከባሕር በኩል የሚመጣ ጨርቅ እየሸጠች፣ ዛሬ አንድ ክፍል፣ በሌላው ዓመት ሌላ ክፍል እያለች ነው ግቢውን የሠራችው። አማርኛዋ ኦሮምኛና ሱማሌኛ የተቀላቀለበት ነበር፤ አረብኛም ጣል ታደርግበታለች። ከቃላት ሁሉ የምትወደው ደግሞ «ሐቅ» የሚለውን ነበር። የሰው ሐቅ። ማንም የማይነካብህ፣ አንተም የማትነካበት። የመንግሥት ሰው የመንግሥት ቋንቋ ሲያወራባት ጆሮው ውሃ እንደገባበት ሰው ትንሿን ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ትነቀንቅ ነበር። አንድ ቀን፣ «አዴ፣ መንግሥት ጭራሽ አያስፈልግም ነው የምትይው?» አልኳት። «ያስፈልጋል። ሌባ ይያዝ፣ ዳኛ ያስቀምጥ። ከዚያ እቤቱ ገብቶ ይተኛ» አለችኝ።

ትርፍ ቤት ተወረሰ የተባለ ጊዜ ሬዲዮኑን የሰማነው ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ነው። ለእሷ ከምትኖርበት ክፍል በቀር ምንም አልቀረላትም። እኛ ኪራያችን ቀነሰልን፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎናል። ተስፋዬ ያኔ የአብዮቱ ነገር ልቡን ያሞቀው ሰው ስለነበር ሊያስረዳት ሞከረ።

«አዴ፣ ለድሃው እኮ ነው። ባላባቱ ስንት ዘመን ሲበላን ኖረ?»

«ባላባቱን ተወው፤ ለእሱ አላለቅስም። እሱም ሌባ ነበር። እኔ ይህንን ግቢ ከማን ሰረቅሁት?»

«አልሰረቅሽም።»

«አንተስ ከነገ ጀምሮ ቤቱ ያንተ ነው? ትሸጠዋለህ? መስኮት ታወጣለታለህ?»

«ኧረ አልችልም። የመንግሥት ነው።»

«እና አከራይህ ተቀየረ እንጂ ምን አገኘህ? ወሪያ፣ እኔን ስትናደድ ትሰድበኝ ነበር። እስቲ አዲሱን አከራይህን ስደበው።»

ተስፋዬ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደምሴ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ቲኬት ይቆርጥ ነበር፤ ሽጉጥ ታጥቆ ካኪ ከለበሰ በኋላ ግን የሚያውቁትን ሰዎች የማያውቅ ሆነ። እሑድ እሑድ ይሰበስበናል። ይውደም ሲባል ግራ እጅ ይነሳል። የአዴ ሩቂያ እጅ አይነሳም። «ጓዲት ሩቂያ፣ እጅዎ የት አለ?» ሲላት፣ «እጄን አሞኛል» ትላለች። በሌላው እሑድም እጇን ያማታል። ዓመቱን ሙሉ ያማታል። ከስብሰባው ስንወጣ በዚያው እጇ የጨርቅ እሽግ ተሸክማ ስትሄድ እናያታለን።

ንግዱን አልተወችም ነበር። እብላ የምትባል፣ ከጀልዴሳ ወተት እያመጣች የምትሸጥ ሱማሌ ወዳጅ ነበረቻት፤ ጨርቁም ከወተቱ ጋር ይመጣል። ኮንትሮባንድ ነው ብሎ ተስፋዬ ሲያስጠነቅቃት፣ «አንዷ ሴት ጨርቅ አላት፣ አንዷ ሴት ቀሚስ ትፈልጋለች። በመሀላችን የሚገባው ወንድ ምን ፈልጎ ነው?» አለችው። በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፈን ባዶ እጃችንን ስንመለስ ደግሞ ትስቅብን ነበር። «ርካሽ ነው አሉ? የሌለ ነገር ሁልጊዜ ርካሽ ነው።»

የበኩር ልጄን የወለድኩ ዓመት ዝናቡ በረታ። ጣሪያችን ተበስቶ በአልጋችን ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ተስፋዬ ቀበሌ ተመላለሰ። በዕቅድ ይያዛል ተባለ። ከሥሩ ድስትና ሳፋ እየደቀንኩ፣ ልጄን ከጥግ ወደ ጥግ እያዘዋወርኩ ከረምኩ። አንድ ጠዋት አዴ ሩቂያ ስትገባ የሕፃኑ መጠቅለያ ርሶ አየችው። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛና አዲስ ቆርቆሮ ይዛ መጣች፤ ራሷ መሰላሉ ሥር ቆማ፣ «እዚያ ጋ! ኧረ እዚያ ጋ ምታው!» እያለች ታዛለች። ምስማሩ ተመትቶ ሳያልቅ ደምሴ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ገባ።

«ቤቱ የማን ነው?» አላት።

«የሰፊው ሕዝብ ነው ብላችሁኛል።»

«ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ?»

«ሰፊው ሕዝብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እየዘነበበት ነው። ያቻት ታቅፋዋለች፤ እየው።»

ደምሴ ወደ እኔ አላየም። «ይህ የአድኃሪ የባለቤትነት ስሜት ነው» አለ። ሠራተኛውን አስወርዶ፣ የተመታውን ቆርቆሮ መልሶ አስነቀለው። ጣሪያ በመጠገኗ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ጣሪያ በመጠገኗ ወስደው አሰሯት። ከሳምንት በላይ ቆይታ ስትመለስ ያ ቆርቆሮ በጥበቃዎቹ ቤት ላይ ተመትቶ ያብረቀርቅ ነበር። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ቀና ብላ አየችውና፣ «ቢያንስ ምስማሩን በደንብ መተውታል» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ መድፉ መስኮት ያንቀጠቅጥ ነበር። እብላ ከተማ ውስጥ እንዳለች መንገድ ተዘጋባት። ሱማሌኛ የተናገረ ሁሉ ሰላይ በሚባልበት ሰሞን አዴ ሩቂያ ክፍሏ አስገባቻት። ጎረቤቱ አጉረመረመ። አንዷማ በቀጥታ፣ «ጠላት ታስቀምጪብናለሽ?» አለቻት።

«ሞቃዲሾ ያለውና አዲስ አበባ ያለው ከተጣሉ ይደባደቡ፤ ሁለቱንም አላውቃቸውም» አለች አዴ። «እብላን ግን አውቃታለሁ። ወተት ላይ ውሃ ጨምራ አታውቅም።»

በዚያው ሰሞን የተስፋዬ ታናሽ ወንድም ግንባር ላይ ወደቀ። መርዶውን የሰማ ቀን ባለቤቴ ያልሆነውን ሆነ። ፌሮ ብረት ይዞ ወደ አዴ ክፍል ሄደ። ሮጬ ተከተልኩት። አዴ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አልተነሳችም።

«ዞር በይልኝ ከዚህ በር!»

«ተቀመጥ» አለችው።

«ወንድሜን ገደሉት፣ አዴ!»

«ገደሉት። እብላ ግን አልገደለችውም። የገደለው ሰው ስሙን አያውቀውም። ሂድ ተዋጋ ብሎ የላከውም ስሙን አያውቀውም። ከሩቅ አገር መጥተው ለሁለቱም መሣሪያ ያደሉትማ አገሩንም አያውቁት። እኛ ነን ስሙን የምናውቀው። ተቀመጥና ስሙን ጥራልን፤ እናልቅስለት።»

ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ከውስጥ እብላ ፊቷን ይዛ ወጣችና በሱማሌኛ ታለቅስ ጀመር። ሦስታችን ሴቶች መሀል ተቀምጦ፣ ተስፋዬ የወንድሙን ስም እየጠራ እስኪመሽ አለቀሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አብዮቱ አስረድቷት አያውቅም።

ዓመታት አለፉ። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ሲመጣ ወጣቱን እንደ ጥራጥሬ ያፍሱት ጀመር። ከሲኒማ በር፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከገበያ። የጎረቤታችን የፋጡማን አንድ ልጅ ዳቦ ሊገዛ ከተሰለፈበት ነው ያነሱት፤ ደምሴ ራሱ በጣቱ ጠቁሞ። ፋጡማ በነጠላ ጫማዋ መኪናውን ተከትላ እስከ ድልድዩ ሮጠች። አዴ ሩቂያ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። «ቤት ወሰዱ፣ እሺ፣ ቤት ድንጋይ ነው። ሰው ይወሰዳል?» ትላለች እየደጋገመች። ከዚያ በኋላ በእብላ ዘመዶች በኩል፣ ከግመል ነጂዎች ጋር ቀላቅላ፣ ጥቂት ልጆችን ወደ ጅቡቲ አሻገረች። መጋላ ያውቃል፤ መጋላ ዝም አለ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ከተማውን ዘግቶ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ እኔና አዴ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ደምሴ በጓሮ በር ገባ። ኮፍያ አላደረገም።

«አዴ» አላት። በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«ምን ጎደለህ?»

«ልጄን ሰለሞንን ሊወስዱብኝ ነው። ሊቀመንበሮች በልጆቻቸው ምሳሌ ይሁኑ የሚል ትእዛዝ ከበላያችን ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መጥቷል።»

«ሁን እንጂ ታዲያ። የሰው ልጅ ስትሰጥ ከርመህ የለም?»

«አንድ ነው ያለኝ።»

«የፋጡማም አንድ ነበር።»

ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ሽጉጡ ከወገቡ እንዳለ። እግሯን መንጭቃ አስለቀቀችው። «ሱቁ በእጄ ነው፤ ስኳር በይ፣ ዘይት በይ፣ የፈለግሽውን…» ሲል አቋረጠችው።

«ከአንተ እጅ ውሃም አልጠጣም። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ ልጁ ይምጣ። አንተ በዚህ በር ሁለተኛ እንዳትገባ።»

ሲወጣ ጮህኩባት። «አዴ፣ አበድሽ? ለዚህ ሰው?»

«ለእሱ ነው እንዴ? ልጁ የደምሴ አይደለም። የመንግሥትም አይደለም። የራሱ ነው። የፋጡማም ልጅ የራሱ ነበር። አንዱን ስለነጠቁ ሌላውም ይነጠቅ ልበል?»

ሰለሞን መጣ፤ ሽርጥ ታጠቀ፣ በትር ያዘ፣ ከግመል ነጂዎቹ ጋር በጀልዴሳ በኩል ሄደ።

ከፍተኛው ደምሴን ልጅህ የት ገባ ብሎ ያዘው። ወንበሩ ተነቃነቀ። ያኔ የሠራውን ሥራ ዛሬም ሳስበው አፌ ይመርረኛል። ስብሰባ ጠራ። መድረኩ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ እውነተኛ እንባ፣ መሀረቡን አውጥቶ። «ጓዶች፣ ልጄን ለእናት አገሩ ላበረክት ተዘጋጅቼ ሳለ ፀረ ሕዝቦች ነጠቁኝ! መረቡን የዘረጋችው ሴት እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች!» አለና በጣቱ ወደ አዴ ሩቂያ ጠቆመ። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የነበረ ጥበቃ፣ «አንቺስ አታጨበጭቢም?» አለኝ። «እጄን አሞኛል» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሲያስነሷት አዴ ደምሴን ትክ ብላ አየችው። ትንሿን ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ነቀነቀች። ከዚያ ሄደች።

ከሁለት ዓመት በላይ አሰሯት። የውስጥ እግሯን ገረፉ። ማን ማን እንዳሻገራቸው፣ በየት እንዳሻገራቸው አልተናገረችም። ተናግራ ቢሆን የመጀመሪያው የሚታሰር ደምሴ ነበር። ያንን እያወቀ ካኪውን አስተኩሶ እየለበሰ እሑድ እሑድ ይሰበስበን ነበር። ለቆራጥነቱ ምስጋና ተሰጠው ሲባልም ሰምተናል።

ስትፈታ በዱላ እየተደገፈች መጣች። ክፍሏን ለአንድ ካድሬ ሰጥተውት ነበር። ተስፋዬ እጇን ይዞ ወደኛ ክፍል አስገባትና አልጋችን ላይ አስቀመጣት። «ቤትሽ እኮ ነው፣ አዴ» አላት።

«አይደለም። ኪራዩን የምትከፍለው አንተ ነህ። ካላስቸገርኳችሁ ጥግ ስጡኝ።»

በሠራችው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና ተቀመጠች። እብላ ወተት ይዛ ትመጣና አጠገቧ ቁጭ ብላ የመንገዱን ወሬ በጆሮዋ ትነግራት ነበር፤ እገሌ ደረሰ፣ እገሌ ሥራ አገኘ። አዴ ዓይኗን ጨፍና «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እግሯ ግን አልዳነም። እብጠቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ኩላሊቷም ተጎድቷል ተባለ።

ልትሞት ጥቂት ሳምንት ሲቀራት ደምሴ መጣ። አሁንም ሊቀመንበር ነው፤ ፊቱ ግን ተጨምድዷል። ተቀመጥ ሳይባል ምንጣፋችን ላይ ተቀመጠ።

«አዴ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ሰለሞን… በሕይወት አለ? እናቱ እንቅልፍ የላትም።»

እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። አላውቅም በዪው፣ ብዬ በልቤ ለመንኳት። ሞቷል በዪው። በቀረው ዕድሜው ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ይኑር። ሲቃጠል ማየት እንዴት እንደፈለግሁ!

«አለ» አለችው። «ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። ታሞ ነበር፣ ድኗል። አግብቷል፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት። ለእናቴ ንገሩልኝ ብሏል። ለአባቴ አላለም። ለእናቱ ንገራት። ጨረስኩ፤ ተነሳ።»

ሰውዬው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እጇን ሊስም ጎንበስ ሲል እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ቁጣዬን መያዝ አልቻልኩም። «እንዴት ትነግሪዋለሽ? እግርሽን እዪው እስቲ! ለዚያ ሰው እንዴት ደስታ ትሰጪዋለሽ?»

«ወሬው የእኔ ነው?» አለችኝ። «ልጁ ለእናቱ የላከው ነው። የሰው አደራ ይዤ፣ ስለተናደድኩ ላስቀረው? እነ ደምሴም እኮ የሰውን ሐቅ መንጠቅ የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው።»

እሷ ዱላዋን ፈልጋ ተነሳች።

«ያ ሰውዬ የተቀመጠበትን ምንጣፍ ግን ውጭ አውጪልኝ።»

አወጣሁላት። ላጥብልሽ ብላት እምቢ አለች። በዚያ ባበጠ እግሯ ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ በሃይማኖቷ ደንብ ውሻ የላሰው ዕቃ እንደሚታጠበው፣ መጀመሪያ በአፈር፣ ከዚያ በውሃ፣ ሰባት ጊዜ አጠበችው። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ፊቷ እንደ ተጸየፈ። ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ እየተጎተተች መልሳ ቦታው አነጠፈችውና፣ በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣

«በይ» አለችኝ፣ «አሁን ተቀመጪበት።»